በፕሬኔስቲና መንገድ ያላየሁት ሰው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን ተናግሬ አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን፣ ከወንድሜ ሚስት ጋር ተኳርፌ ፋሲካን ሳልታረቅ ማሳለፌን። እሳቸው ስግደት ያዙልኛል፣ እኔም ሰግጄ ቀለል ብሎኝ እሄዳለሁ። ይቺን አንዷን ግን ምላሴ ሥር ሸሽጌ ኖርኩ። አሁን እሳቸውም አርፈዋል፣ የእኔም ጉልበት ለስግደት የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ለእርስዎ ልናገር ነው፤ ለማላውቅዎ፣ ፊትዎን ለማላየው አንባቢ። ፊትዎን ባየው ኖሮ ዛሬም የምዋሽ ይመስለኛል።

ነገሩ ሲነገር አጭር ነው። ሮም ከተማ ያለ አንድ ሰው ፈልጌ እንዳይ አደራ ተሰጠኝ። አላየሁትም። አየሁት አልኩ። ይኸው ነው። አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። ታዲያ ምን ሆኜ ነው የሮም ስም በተነሣ ቁጥር ውሃ ልጠጣ ብዬ ከሰው መካከል የምነሣው?

ዘመኑ የደርግ ነው። ገዳም ሰፈር ስንኖር እትዬ አሰለፈች የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። አጥራችን አንድ ነው። ባላቸው ቀድመው ስለሞቱ ፍስሐ የሚባል አንድ ልጃቸውን ጠላ እየጠመቁ ነው ያሳደጉት። ፍስሐ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ይላል። ትምህርት ቤት ሲወስደኝ እጄን አጥብቆ ስለሚይዝ ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር። ብጮህም አይለቀኝም፤ «መኪና ቢገጭሽ እናትሽ እኔን ነው የምትጠይቀው» ይለኛል። ወጣት ሁሉ ከየቤቱ በሚታፈስበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ዳቦ ልግዛ ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቱ በየእስር ቤቱ ደጃፍ ሲንከራተቱ ከርመው፣ ብዙ ቆይቶ በሱዳን በኩል ጣልያን አገር መግባቱን ሰሙ። አልፎ አልፎ በመንገደኛ ሰላምታ ይልክ ነበር። ኋላ ላይ ሰላምታውም ቀረ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የእህል ክምችት ክፍል ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሮም ላይ ለሚሰጠው አጭር ሥልጠና ሦስት ሰዎች ስንመረጥ አንዷ እኔ ሆንኩ። ያኔ ውጭ አገር መሄድ እንደ ዛሬ አይደለም፤ ዋስ ይጠራል። ወንድሜ ፈረመልኝ። ከቀረሁ የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ለብዙ ዓመት ለራሴ ስደረድረው የኖርኩት ምክንያት ይህ ስለነበረ ነው።

የመሄዴን ወሬ የሰሙ ዕለት እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ቋንጣና በርበሬ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል።

«ጽጌዬ፣ ይህን ለልጄ» አሉኝ። «ባታደርሺውም አልቀየምሽም፤ መንገድ ነው፣ ሊበላሽ ይችላል። ፊቱን ግን እይልኝ። ከስቷል? ጠቁሯል? ዓይንሽ ያየውን ንገሪኝ።»

«እሺ እትዬ።»

«ክፉም ቢሆን እንዳትደብቂኝ። እኔ ክፉ ወሬ እችላለሁ። የማልችለው አለማወቁን ነው። የሰማይ የምድር አደራ!»

እሺ አልኩ፤ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አድራሻውን በቃሌ አስጠኑኝ፤ የኮበለለ ሰው አድራሻ በወረቀት ይዞ መገኘት ያኔ ጣጣ ነበረው። የመጨረሻው መንገደኛ የነገራቸው ይህን ብቻ ነው፦ ፕሬኔስቲና፣ ከታች ጋራዥ ያለበት ሕንፃ። ቁጥር የለውም። ቁጥር ያስፈልጋል ብለን እኔም እሳቸውም አላሰብንም። እኛ አገር ቤት በቁጥር ይፈለግ ነበር እንዴ? ሰፈሩ ይደረሳል፣ የእገሌ ቤት የት ነው ይባላል፣ ባለሱቁ በጣቱ ያሳያል።

ሮም የደረስነው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር። ያሳረፉን ከባቡር ጣቢያው ከቴርሚኒ ጎን፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚባለው ሰፈር፣ ደረጃው በሚያቃስት አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። የቡድናችን መሪ ጓድ ተሾመ ፓስፖርታችንን ሰብስቦ ያዘ። ለብቻ መውጣት ክልክል ነው አለን። ጠዋት ጠዋት እሱ ከፊት፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ አቶ በቀለ ከኋላ፣ እንደ ጫጩት ተከታትለን በምድር ውስጥ ወደሚሄደው ባቡር እንወርዳለን፤ ማታም በዚያው እንመለሳለን። በማረፊያችን ዙሪያ የሀበሻ ቡና ቤቶች ነበሩ፤ አማርኛውና ትግርኛው እስከ መንገዱ ይሰማል። ጓድ ተሾመ «ከሃዲዎች ናቸው፣ ዓይናችሁን እንዳትጥሉባቸው» ስላለን፣ በገዛ ቋንቋዬ የሚስቁ ሰዎችን አንገቴን ደፍቼ አልፋቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ዕረፍት ሆነ። ጓድ ተሾመ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው እያለ ሲያስተምረን ቢከርምም፣ ትልቁን የጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ሳያይ መመለስ አልሆነለትም። እሱና አቶ በቀለ ሊሄዱ ሲነሡ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ውሸቱ የጀመረው ከዚያ ነው እላለሁ አንዳንድ ጊዜ፤ ያቺኛዋ ግን ለደግ ነበረች። እነሱ ከሄዱ በኋላ ቋጠሮውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ለብቻ ሲሆኑ ሮም ሌላ ከተማ ናት። በቡድን ስንሄድ እንዴት መንገድ እንደምንሻገር እንኳን አስተውዬ አላውቅም ነበር። መኪናው አይቆምልዎትም፤ ደፍረው ሲገቡበት ነው የሚቆመው፤ ድፍረት ደግሞ እኔ ዘንድ የለም። አንዲት መነኩሲት ስትሻገር ከጎኗ ተለጥፌ ተሻገርኩ። የቆመው ፖሊስ ሁሉ ለእኔ የቆመ እየመሰለኝ፣ አንዴ ስሳሳት አንዴ ስመለስ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ደረስኩ። ገበያ ነው። ዓሣው፣ ቅመሙ፣ የሻጮቹ ጩኸት፤ መርካቶ የገባሁ መሰለኝና ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። ወደ ፕሬኔስቲና የሚሄደው ትራም እዚያ እንደሚያልፍ ከሥልጠናው ቦታ ጸሐፊ ጠይቄ አውቄ ነበር። ቲኬት ከትንባሆ ሻጭ ገዝቼ፣ እንደ ክታብ በመዳፌ ጨብጬ ተሳፈርኩ።

«ፕሬኔስቲና» አልኩት ሾፌሩን። ዘወር ብሎም አላየኝ። ከጎኔ የተቀመጠች አሮጊት «ሲ፣ ሲ» እያለች ራሷን ነቀነቀችልኝ። አገሬ ቢሆን ይህ ይበቃ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ስንደርስ ንገሩኝ ብሎ ለአንድ ሰው መናገር ነው፤ ያ ሰው ቢረሳ አውቶቡሱ በሙሉ ያስታውሳል። እኔም ራሴን ለአሮጊቷ አስረክቤ ቁጭ አልኩ። አሮጊቷ ወረደች። ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ትልቅ የጥንት የድንጋይ በር አለፍን፤ ከዚያ ቀጥ ያለ ረጅም መንገድ ጀመረ፤ ሕንፃ በሕንፃ፣ ሁሉም ከሥሩ ጋራዥ ያለው መስሎ ታየኝ። ፕሬኔስቲና ሰፈር ሳይሆን መንገድ መሆኑን፣ መንገዱም ከተማውን ለቅቆ የሚሄድ መሆኑን እኔ የት አውቄ? ከአሁን አሁን ይጠሩልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሕንፃው እየሳሳ ሣር መታየት ሲጀምር ደነገጥኩና ብድግ ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

«ወራጅ አለ!»

ሰው ሁሉ ዘወር አለ። ከኋላ የአንዲት ሴት ሳቅ ተሰማ። ትራሙ ፌርማታው ላይ ሲቆም ተቆጣጣሪ ገባና፣ ግራ የገባት ሴት እንደምትታወቅ፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ቲኬቴን ገልብጦ አየው። ለካ ትራም ውስጥ ባለው ማሽን ማስመታት ነበረብኝ። «ዶኩሜንቲ» አለኝ። ፓስፖርቴ ጓድ ተሾመ ሻንጣ ውስጥ ነው።

የሳቀችው ሴት ደረሰችልኝ። ቀይ ዳማ፣ ፀጉሯ ዘንፋላ፣ በዕድሜ ከእኔ ገፋ ያለች ናት። ለተቆጣጣሪው በጣልያንኛ አፏን እንደ መትረየስ አንጣጣችበት፤ ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ተወኝ። ክንዴን ይዛ አወረደችኝ።

«ወራጅ አለ!» አለች፣ ሳቋ አላባራም። «ማዶና! ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! አሎራ፣ ቢሌቶሽን አልመታሽውማ። እኔ ማርታ እባላለሁ። አባቴ ጣልያን ነው፣ እናቴ የአዲስ አበባ ሴት ናት፤ ያደግኩትም እዚያው ነው። አንቺስ የት ልትሄጂ ነው?»

«ፕሬኔስቲና… ከታች ጋራዥ ያለበት ሕንፃ» አልኩ ሳላስበው።

«ፕሬኔስቲና ላይ ቆመሽ ነው እኮ! ጋራዡን አልፈሽዋል። ጥቂት ፌርማታ ወደ ኋላ ነው፤ ነይ እኔ አደርስሻለሁ። የሀበሻ ልጆች የሚኖሩበት አይደል? ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ማንን ፈልገሽ ነው?»

አንድ ስም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ፍስሐ። አፌ ላይ ነበረ። ግን ሴትዮዋን አየኋት፤ በጓድ ተሾመ ዓይን አየኋት። ማን ናት? ለማን ትናገራለች? ኤምባሲ ቢደርስስ? ወንድሜስ?

«ማንንም» አልኩ። «ዝም ብዬ ከተማውን ለማየት ነው።»

ማርታ ቦርሳዬን አየችው። የበርበሬው ሽታ እንደሆነ አይደበቅ።

«በርበሬ ተሸክመሽ ነው ከተማ የምታይው?» አለች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «ፈርተሽ ነው። ቫ ቤኔ፣ ከአገር የሚመጣ ሁሉ ይፈራል። እኔ ማንም አይደለሁም እህቴ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን እዚያ ቤት ዘመድ ካለሽ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ እዚያ ቤት…»

«ዘመድ የለኝም!» ብዬ አቋረጥኳት። «ማንንም አላውቅም አልኩሽ!»

ማርታም ማዶ ያለውን ፌርማታ አሳየችኝ፤ «በዚያ በኩል የሚመጣው ይመልስሻል» አለች። ትራሙ ሲመጣም ቲኬቴን በእጇ ይዛ እንዴት እንደሚመታ አሳይታኝ ነው የወረደችው። አመሰግናለሁ እንኳን አላልኳትም።

ለምን ንግግሯን አላስጨረስኳትም? ምን ልትለኝ እንደነበር አላወቅኩም እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ሰው «ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ» ብሎ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሚከተለውን የማያውቅ የአገሬ ሰው አለ? መርዶ ነጋሪ ነገሩን ከየት እንደሚጀምር ከልጅነታችን አንሥቶ እናውቀዋለን። እኔም አወቅኩ። አውቄ ነው አፏን የዘጋሁት። ብሰማው ኖሮ ያንን ቃል ተሸክሜ አዲስ አበባ መግባት፣ እትዬ አሰለፈች ፊት መቆም ሊሆንብኝ ነው። አልሸከምም አልኩ።

የባሰውን ልንገርዎት። ስመለስ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ከተማዋ አሁን ገባችኝ፤ የትራሙን ወንበር፣ የፌርማታውን ምልክት፣ የመንገዱን አሻጋገር ለመድኩት። ፒያሳ ቪቶሪዮ ወርጄ እነ ጓድ ተሾመ የሚመለሱበት ሰዓት እስኪቃረብ በዙሪያው ባሉት የኤስኲሊኖ ሰፈር ሱቆች ስዞር ቆየሁ። ቡናማ ጫማ ለካሁ፤ አምሮኝ ገዛሁት። አንድ ምንጭ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ፀሐይ እየሞቅኩ፣ አይስክሬም በላሁ። የሚቆጣኝ የለም፣ የሚጠብቀኝ የለም፣ የእናት ቋጠሮ ጭኔ ላይ ነው። ፍርሃት ነው የመለሰኝ እል ነበር። የፈራ ሰው ጫማ ይለካል?

ቋጠሮውን ወደ አገር ይዞ መመለስ የማይቻል ነገር ነው። ልንሄድ ስንል እራት ላይ አወጣሁት። ጓድ ተሾመና አቶ በቀለ ፓስታ አንገሽግሿቸው ስለነበር እንደ ሕፃን ፈነደቁ። በርበሬውን በዘይት ለውሰን፣ ቋንጣውን በዳቦ እየጠቀለልን በላን። ጓድ ተሾመ ጣቱን እየላሰ «እጃቸው ይባረክ፣ እናትሽ ናቸው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። አደራውን ያልጠበቀ ሰው በአገራችን አደራ በላ ይባላል። እኔ በጥርሴ አኝኬ ነው የበላሁት፤ ጣፍጦኝም ነበር።

አዲስ አበባ ስገባ ልናገር የተዘጋጀሁት «አላገኘሁትም» የሚለውን ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ሆኜ ስለማመደው ነው የመጣሁት፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ቁጥር የለውም፣ ቋንቋውን አላውቅም። ሁሉም እውነት ነው። እትዬ አሰለፈች ግን ከእናቴ ቀድመው ደጃፋችን ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ሳልናገር ሁለት እጆቼን ይዘው መዳፎቼን ይስሙ ጀመር። «የልጄን እጅ የጨበጠ እጅ» አሉ።

«አገኘሽው አይደል?»

«አገኘሁት።»

«ከስቷል?»

«ኧረ ወፍሯል እትዬ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በማግስቱ መጥተው ምን ለብሶ እንደነበር ጠየቁኝ፤ ግራጫ ካፖርት አለበስኩት። በሌላው ሳምንት ቋንጣውን ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ እዚያው ቆሞ በላው አልኩ። እናቴን ሳሚልኝ ብሏል አልኩ። ትራሙን ነገርኳቸው፣ የድንጋዩን በር፣ ረጅሙን መንገድ፣ ጋራዡን። ያየሁትን ከተማ ላላየሁት ሰው ቤት አድርጌ ሰጠሁት። እሳቸው ይሰማሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ደግሞ እንደገና ንገሪኝ ይላሉ። እንደገና እነግራቸዋለሁ። በየጊዜው አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፤ ሰው በውሸቱም ይኮራል እንዴ? እኔ ኮርቻለሁ።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። የሰፈሩ የዕድር ሽማግሌዎች እኛ ቤት ተሰብስበዋል። የእትዬ አሰለፈች የእህት ልጅ ግርማም አለ።

«ፍስሐ ሞቷል አሉ» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ። «ሳንባውን ታሞ ነው። ግርማ ከሮም ተደውሎለት ነው የሰማው።»

«መቼ?»

«በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ።» ከዚያ አተኩራ አየችኝ። «አንቺ ያየሽው ከፋሲካ በኋላ አይደለም?»

በዐቢይ ጾም መግቢያ። ማርታ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ግርማ ጨረሰልኝ። ያን ጊዜ እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ሁሉንም ብናገር፣ ያፍሩብኝ ነበር፣ ይቆጡኝ ነበር፣ አንድ ሳምንት ሰው ያማኝ ነበር። በቃ። እኔ ግን «አዎ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተጠራጠሩ፣ ተመካከሩ። ግርማ «የነገረኝ የቀበረው ሰው ነው» ብሎ ስለጸና ተነሥተው ሄዱ። የዕድሩ ድንኳን በጋሪ ተጭኖ በር ላይ ቆሟል። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከተልኩ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልዴ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብለው ሲጀምሩ፣ ሴቶቹ እሪ አሉ። እትዬ አሰለፈች ከመደባቸው ብድግ አሉ። አላለቀሱም።

«ዝም በሉ!» አሉ። «መቼ ሞተ ነው የምትሉኝ?»

«በጾሙ መግቢያ ነው እህቴ» አሉ አቶ ወልዴ።

«ታዲያ ጽጌ ከፋሲካ በኋላ ያየችው ማንን ነው? ቋንጣዬን የበላው ማን ነው?» ብለው ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ ነበር! «ጽጌ! ነይ፣ ንገሪያቸው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለቅሶው በየአፉ ላይ ቆመ። እዚህ ላይ ደርሼ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ልጄ ሞተ ብላ አልቅሳ፣ ሐዘን ተቀምጣ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ተዝካር አውጥታ፣ ቀስ በቀስ እንደ ሰው ልትጽናና የምትችል እናት ፊቴ ቆማለች። ክፉም ቢሆን አትደብቂኝ ብላኛለች። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው አየሁ፤ ውሸታም ሲለኝ፣ ቋንጣ የበላች ሲለኝ ታየኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ደህና ነበር።»

ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ወልዴ «የስም መመሳሰል ይሆናላ፣ ተመስገን ነው» አሉ። ድንኳኑ ሳይተከል፣ በመጣበት ጋሪ ተመለሰ። ግርማ ብቻ ከቃሉ አልተመለሰም። ከቀናት በኋላ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ «እውነቱን ንገሪኝ፣ በመካከላችን ይቀራል» ብሎ ለመነኝ። እውነቱ ያ ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም፤ ትክክል ነበር።

ለእናት ተስፋ ሰጠሽ እንጂ ምን አጠፋሽ ይሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ግን ተስፋው ምን እንደሆነ ይስሙ። በፍስሐ ስም ፍትሐት አልተፈታም፣ ተዝካር አልወጣም። እናቱ ይጠብቁታል። አንድ ዓመት በደስታ ጠበቁት። በሌላው ዓመት ሰላምታ እንኳን ለምን አይልክም ማለት ጀመሩ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኳቸው። ሚስት አግብቶ ይሆናል አልኳቸው። ኋላ ኋላ መጠየቁንም ተዉ። ስሙ ሲነሣ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ደርግ ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው ታመው አልጋ ያዙ።

ልጠይቃቸው ስገባ ብቻቸውን ነበሩ። ቀኑ ብራ ነው። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው አጥንት ብቻ ሆኗል።

«ጽጌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «አይተሽዋል ወይ? በእውነት?»

«እትዬ…»

«ካላየሽው አላየሁትም በይኝ። አልቆጣሽም፤ ልጅ ነበርሽ፣ ፈርተሽ ይሆናል። ሞቶ ከሆነ አልቅሼለት ልሂድ። ሞቶ ከሆነ እኮ አልረሳኝም ማለት ነው።»

ጓድ ተሾመ እዚያ አልነበረም። ኤምባሲ አልነበረም። ወንድሜን የሚጠይቀው አልነበረም። ሽማግሌና ድንኳን አልነበረም። አንዲት የምትሞት ሴት፣ ምሕረቷን አስቀድማ ሰጥታኝ፣ አንድ ቃል ትለምነኛለች። እኔ ግን ያን ቃል ስናገር ፊታቸው የሚሆነውን ማየት ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ብዙ ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም።

«አይቼዋለሁ እትዬ» አልኩ።

እጄን ለቀቁት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንግዲያው ጡት ነካሽ ነው» አሉ።

በማግስቱ ቄስ ተጠርተው መጡ። እትዬ አሰለፈች ሁሉንም ይቅር አሉ፤ በጠላ የተጣሉትን ጎረቤት፣ በርስት የከሰሳቸውን ዘመድ፣ ሁሉንም በስም እየጠሩ። ቄሱ «ልጅዎንስ?» ሲሏቸው «እሱን ተዉኝ» አሉ። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። ሳይመርቁት ሞቱ።

ለእኔ ይቅርታ አልለምንም። ሊሰጡኝ የሚችሉት ሁለቱም የሉም፤ አንዷ ልትሰጠኝ እጄን ይዛ ሳለች እምቢ ብያታለሁ። እርስዎን የምለምነው ሌላ ነው። ፍስሐ እናቱን አልረሳም። ሞቶ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ስሙን እዚህ ካነበቡት አይቀር ነፍስ ይማር ይበሉለት፤ በተወለደበት ሰፈር እስከ ዛሬ ማንም አላለለትም።